ማንሊን ያገላበጠቻቸው እንቁላሎች

ማንሊንን ያስፈራት ጎርፉ አልነበረም። የዶንግቲንግ ሐይቅ ዳር ሰው ጎርፍ በየክረምቱ ያያል። ያስፈራት፣ ሳጥኑን ታቅፋ ወደ ጎረቤቷ ወደ አጎት ዴፉ ፎቅ ስትወጣ ደረጃው ላይ እግሯ መክዳቱ ነው። ሳጥኑ ጋደል አለ። ወዲያው ቀና አደረገችው፤ ፍርሃቱ ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አልለቀቃትም።

በሳጥኑ አሸዋ ውስጥ መቶ ሰማንያ እንቁላል ተቀብሯል። ጀርባቸው እንደ ቆዳ የለሰለሰ የውሃ ኤሊዎቿ፣ እነዚህን ጥለው ሳምንት ሳይሞላቸው በሽታ አንድ ሳያስቀር ፈጅቷቸዋል። ከእናቷ የወረሰችው ዘር የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ይህ ካልተፈለፈለ የሃያ ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

የኤሊ እንቁላል ደግሞ እንደ ዶሮ እንቁላል አይደለም፤ ያገላበጠው ገደለው። በተጣለ ማግስት አናቱ ላይ ነጭ ምልክት ያወጣል። እሱን ወደ ላይ አድርገህ ትቀብራለህ፤ ከዚያ እስኪፈለፈል ንክች የለም። ሰንበትበት ሲል ነጩ መላ ቅርፊቱን ይሸፍነውና የትኛው አናት፣ የትኛው ቂጥ እንደሆነ አይለይም። ማንሊን ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን ፍርሃት መቼ ዕውቀት ይሰማል?

ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ተገልብጠው ቢሆንስ? እየታፈኑ ቢሆንስ? በአራተኛው ቀን አሸዋውን ገለጥ አድርጋ አንዱን አየች፤ ሁለንተናው ነጭ ሆኗል። የዞረ መሰላት፤ መለሰችው። አጠገቡ ያለውም መሰላት። ለፈራ ሰው ምን የማይመስለው አለ! ረድፍ በረድፍ እያዞረች የመጨረሻው ላይ ስትደርስ አጎት ዴፉ ገቡ።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስተካከልኩ ነው፣ አጎቴ። ደረጃው ላይ ተገለባብጠዋል።»

«ማን ነገረሽ? እነሱ ነገሩሽ?» እጇን ቸብ አደረጉት። «ኤሊ ስታረቢ አርጅተሽ! ተነሺ ከዚህ!»

ተነሳች። የመጨረሻው ረድፍ ሳይነካ ቀረ።

ከተጣሉ ሃምሳኛው፣ የሚፈለፈሉበት ቀን አለፈ። ሃምሳ አምስተኛውም አለፈ። ከአሸዋው ብቅ ያለ ነገር የለም።

«ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንክተታቸው» አሉ አጎት ዴፉ። «የደረሰ ከሆነ ደንግጦ ቅርፊቱን ይሰብራል።»

«ካልደረሱስ? ይሞቱብኛል እኮ!»

«እስከ ዛሬ ካልደረሱማ አይደርሱም፣ ልጄ።»

ያዞረቻቸውን በትልቁ ሳፋ፣ የመጨረሻውን ረድፍ ዘጠኝ እንቁላል በትንሽ ሳህን ከተቱ። ማንሊን ሳፋው ላይ አፍጥጣ ቆመች። አምስት ደቂቃ። አስር ደቂቃ። ሳፋው ጸጥ እንዳለ ነው።

ከትንሹ ሳህን ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ተሰማ። አንድ አፍንጫ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ዘጠኙም ወጡ። ሳፋው ውስጥ ካሉት አንድም አልተንቀሳቀሰ።

ያኔ ገባት። ደረጃው ላይ የተገለበጠ አልነበረም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እሷ ግን የፈራችውን በገዛ እጇ ጎትታ አመጣችው።

«ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!»

አጎት ዴፉ አላባበሏትም። «እጅሽማ ይፈለጋል። በይ፣ ወደ ገንዳሽ ውሰጂያቸው።»

«እፈራለሁ፣ አጎቴ። እርስዎ ይውሰዷቸው።»

«እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ነገስ ማን ሊነካቸው ነው?»

እጇን ዘረጋች። ሁለት ጊዜ መልሳ ሰበሰበችው፤ በሦስተኛው የመጀመሪያዋን ጫጩት አነሳች።