በደከመ ባትሪ የተጠና ዜማ

ትናንት ክብረ መንግሥት አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሬዲዮ ያንን ዜማ ለቀቀው። ክላርኔቱ ብቻውን ይነሳል፤ ቫዮሊኖቹ ቆይተው ከሥሩ ይገባሉ። ሻዩን አስቀመጥኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ዜማው ቸኩሏል፤ ድምፁም ቀጥኗል።

«ማነው እንዲህ ያጣደፈው?» አልኩት አስተናጋጁን።

«እህቴ፣ ሬዲዮ እኮ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ነው። እኔ የማውቀው ግን እንዲህ አልነበረም።

ያኔ ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ጥግ ባለች የቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ የጦሩ ባንድ ክላርኔት ተጫዋች ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የምንሰማው ማርሽ ብቻ ስለነበር እኔም አረማመዴ፣ ወሬዬ፣ አበላሌ ሁሉ ማርሽ ሆኖ ቀረ። እናቴ «ይቺን ልጅ ማን ነው የሚያባርራት?» ትል ነበር።

ካሴቱን ያመጣችልን ጎረቤታችን፣ የክሊኒኩ ነርስ ናት። የቦረና ልጅ ነች፤ ጴንጤ። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላት ሄዶ ነው።

«አካም ጂርቱ፣ ደህና ነዎት ጋሼ? እኔን ይሄ ነገር እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያመጣብኝ። አንቱ ያድምጡት» ብላ ሰጠችው።

አባቴ አንዴ ሰማውና ያ የክላርኔት ዜማ ያዘው። ወዲያው ደግሞ ትእዛዝ መጣ፤ ባንዱ ይፈርሳል፣ ሰዎቹ ጠመንጃ ይዘው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፣ መሣሪያዎቹ ለግምጃ ቤት ይመለሳሉ። አባቴ አላማረረም። «ክላርኔቱን ከማስረከቤ በፊት ይቺን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ልጫወታት» አለ። ኖታ የለው፣ የሚያጠናው በጆሮው ነበር።

የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ያሉንን አሮጌዎች ከሰዓት በኋላ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ማሞቅ የኔ ሥራ ነበር። ጣቶቼ ዝገት ዝገት ይሸቱ ነበር። ፀሐይዋ ዘንበል ስትልና የመንገዱ ቀይ አቧራ ብርሃኑን ሲያቀላው ድንጋዮቹን ቴፑ ውስጥ እንከታለን። ዜማው ከጉድጓድ እንደሚጎተት ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል። አባቴ የክላርኔቱን አንገት ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ይከተለዋል።

«ላርጎ ይባላል» አለኝ አንድ ቀን። «ዝግ ያለ ማለት ነው።»

«ኧረ ይሄስ ቆሟል!»

«አልቆመም፣ እየሄደ ነው። አንቺ ነሽ ቀድመሽው የሄድሽው።»

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚያዝነው?»

«ቅኝቱ ማይነር ስለሆነ ነዋ። ሆድ የባሰው ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ እንደማለት ነው። አያለቅስም፤ ያወራል።»

ያኔ ሬዲዮው ዝግ ያለ ሙዚቃ ከለቀቀ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። እናም አንድ ምሽት የሻምበሉ ሚስት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሮጣ ገባች።

«ማነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ባሌ ነው!» አለቻት እናቴ። ሦስታችን ከት ብለን ስንስቅ አባቴ አፉን ከክላርኔቱ ሳያነሳ በዓይኑ ተቆጣን።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው እናቴ ገበያውን አስሳ አዲስ ድንጋይ ይዛ መጣች። በደስታ ከተትነው። ዜማው ዘሎ ተነሳ! ፈጣን፣ ቀጭን፣ የሌላ ሰው ዜማ። አባቴ ሊከተለው ቢሞክር ክላርኔቱና ቴፑ ተጣሉ። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ ያጠናነው የባትሪውን ድካም ኖሯል።

አባቴ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። እናቴ አኮረፈች። «ስንት ለፍቼ ያገኘሁትን!»

እኔ፣ ሁልጊዜ ፍጠን ፍጠን የምል ልጅ፣ «አጥፋው አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

አጠፋው። «ያ የካሴቱ ነው። ይሄኛው የኛ ነው» አለና ብቻውን ጀመረ፤ በዝቅታው፣ በዝግታው። ነርሷ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። እናቴም ኩርፊያዋን ረስታ መሬት ተቀመጠች። ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሊያርፍ ገና መውረድ ሲጀምር የግቢው በር ተንኳኳ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዕቃው ይፈለጋል» አለ ከግምጃ ቤት የተላከው ወታደር። አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

አባቴ ክላርኔቱን ፈታ። እያንዳንዱን ክፍል በመሐረብ ጠረገና አስረከበ። «ትንሽ ነበር የቀረችኝ» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ።

በማግስቱ ማለዳ ካሚዮኖቹ በሰልፍ ቆሙ። ሞተሩ ያገሳል፣ ሴቱ ይላቀሳል፣ ነርሷ በኦሮምኛ ትጸልያለች። አባቴ የካሚዮኑ ጠርዝ ላይ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። አላለቀሰም። ጣቶቹን አየኋቸው። የጠመንጃው እንጨት ላይ አንድ በአንድ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ፤ ቀስ ብለው፣ በኛው ልክ። ከዜማው የት እንደደረሰ አወቅሁ። ገና መጀመሪያው ላይ ነበር።

ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። አቧራው ፊቱን ሸፈነው፣ ቀጥሎ ጣቶቹን። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ መበተን ጀመረ።

«ነይ እንግባ፣ ሄዱ እኮ» አለችኝ እናቴ እጄን ይዛ።

«ቆይ እማ» አልኳት። «ገና አልጨረሰም።»