ሦስቱ መስመሮች

በውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኛዋን ባልደረቦቿ «ሦስት መስመር» ይሏታል። ስሙን ያተረፈላት ራሷ የጻፈችው ስክሪፕት ነው፤ ውኃ በሚቋረጥበት ሰፈር ላሉ ደንበኞች በራሱ ኢሜይል የሚልክ አጭር ኮድ። መልእክቱ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ የት፣ መቼ፣ እስከ ስንት ሰዓት፤ በሦስት መስመር አለቀ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

አዲሱ ኃላፊ ግን በመጣ በወሩ፣ «እህቴ፣ ይህ ማስታወቂያ ነው ወይስ የመቃብር ጽሑፍ?» ብሎ አላገጠባት። ጽሑፉ ከነዓርማው በሥዕል ተሠርቶ እንዲላክም አዘዘ። «ኔትወርክ ሲደክም ሥዕል አይከፈትም» ብትለው፣ «እኔ ዘንድ ተከፍቷል» አላት። የሞከረው ከገዛ ወንበሩ ወደ ገዛ ወንበሩ ልኮ ነበር። ታዝዛ ኮዱን ለወጠች።

ሐሙስ ጠዋት የአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ዋና ነርስ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ አንድ የታተመ ወረቀት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወረወረች።

«ትናንት አራት ሰዎች ማሽን ላይ እንዳሉ ውኃ ሄደ። እጥበቱን በግማሽ አቋርጠን፣ ለነገ ቀጥረን መለስናቸው። ለምን አልነገራችሁንም?»

«ልከናል እኮ፣ እህቴ፤ ያውም አሳምረን» አለ ኃላፊው።

ሦስት መስመር ወረቀቱን አነሣችው። ክሊኒኩ የደረሰው ኢሜይል ነው፤ ሥዕሉ አልተከፈተም፦ ባዶ ሳጥን፤ ከጥጉ አንዲት ቀይ ምልክት። ደሟ ፈላ። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት እያወቀች መታዘዟ ነበር። ወረቀቱን ኃላፊው አፍንጫ ሥር ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ያንብቡልን።»

«ምኑን?»

«ያሳመሩትን! ከላይ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነውን! ነገም በዚያው ሰፈር ውኃ ይቋረጣል፤ አራቱም ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። ያንብቡላቸዋ!»

«ይህ እንግዲህ… መጀመሪያ ለኮሚቴው ቀርቦ…»

«ኮሚቴው ኩላሊቱ ደህና ነው?» አለች ነርሷ።

ሦስት መስመር መልሱን አልጠበቀችም። ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀመጠች፤ ሥዕሉን ከኮዱ አወጣች፣ የቀድሞውን ጽሑፍ መለሰች፣ ላከች። ወዲያው የነርሷ ስልክ ከጋውኗ ኪስ ጮኸ። ነርሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «የክሊኒኩ ሰፈር። ነገ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ውኃ አይኖርም። ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳል።»

«እንግዲያው ከሰባት ሰዓት በኋላ እቀጥራቸዋለሁ» ብላ ወጣች።

ኃላፊው ፊቱ ደም መስሎ፣ «ያለ እኔ ፈቃድ! የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሻል!» አለ።

«ይጻፉልኝ» አለችው ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሣ። «በሥዕል ግን አያድርጉት፤ ላነበው እፈልጋለሁ።»