ሁለት ጭብጨባ

የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት ልጆችን ዝም ለማሰኘት ጮኻ አታውቅም። ሁለቴ ታጨበጭባለች፤ ልጆቹ ሦስቴ ይመልሱላታል፤ ከዚያ እጅ ዴስክ ላይ፣ ዓይን ወደ እሷ። ሌሎቹ መምህራን በጩኸት ሲንገበገቡ እሷ በዚህች ዘዴዋ ስትኮራ ኖራለች። ብትኮራስ ምን አለበት!

ይህ ሁሉ ታዲያ ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ሕክምና እስክታደርግ ድረስ ነው። ከሕመም ፈቃድ ስትመለስ የተረፋት ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን ግን አልሸፋፈነላትም።

"እትዬ፣ እንደ ድሮው ማስተማር ከቻሉ እሰየው። ካልሆነ መጻሕፍት ክፍል እመድብዎታለሁ።"

መጻሕፍት ክፍል ማለት ከአቧራ ጋር ተፋጦ መዋል ነው፤ አንድ ልጅ እንኳ ዝር አይልበትም።

"እነሱ ጸጥ ይበሉልኝ እንጂ በሹክሹክታም አስተምራለሁ" አለች። ከልቧ አምናበት ነበር።

ምን ያደርጋል! እሷ በሌለችበት ክፍሉን የያዘችው ወጣት መምህርት፣ ጥያቄ ለመለሰ ልጅ ሁሉ ስታስጨበጭብ ከርማለች። መምህርቷ እንደ ልማዷ ሁለቴ ብታጨበጭብ ክፍሉ በሆታ ቀለጠ። ደገመች፤ ባሰባቸው። ማን ጎበዝ እንደተባለ ለማየት ዴስክ ላይ የወጣም አለ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ብታደርግ ጨዋታ መሰላቸውና ሁሉም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይንከተከቱ ጀመር። ይወዷታል፤ ክፋቱም እሱ ነው። የሚንቋት ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ ትቆጣቸው ነበር።

ጫጫታው ቢሮው ድረስ ቢሰማው ዳይሬክተሩ ወጣቷን አስከትሎ ገባ።

"ኧረ ምንድን ነው ይሄ?"

ወጣቷ ደነገጠች። "ውይ እትዬ፣ እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው፣ ይቅርታ!" አለችና ወደ ልጆቹ ዞራ፣ "ጸጥ!" አለች፤ አንዴ ብቻ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ስትለምነው የቆየችው ጸጥታ ይኸው መጣላት።

"በሉ እንግዲህ፣ ይቀጥሉ" አለ ዳይሬክተሩ፤ ደስ ብሎት ነበር።

ጠመኔዋን አነሳችና ስለ ክፍልፋይ ማስረዳት ጀመረች። የአንገቷ ጅማት እስኪገተር፣ ባላት አቅም ሁሉ ተናገረች። ኮሽታ እንኳ የለም። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አፍ አፏን ያያሉ። እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አድርጋው ቀጠለች።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ በጨዋ ደንብ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ መቼ ነው የምንጀምረው?"