ኮፍያው ያለበት ባዶ ወንበር

ድሬ ዳዋ የሄድኩት አንድ ሰው መሞቱን ለማረጋገጥ ነው። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሰውየውን የገደልኩትም በማስተማር ላይ ሳለሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥዕል መምህር ከሠላሳ ዓመት በፊት ድሬ ዳዋ ሲያስተምር የሳለው የዘይት ቅብ አለ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ጎን ታያለች። አጠገቧ ሌላ ወንበር አለ፤ ባዶ ነው። ባዶው ወንበር ላይ የወንድ ኮፍያ፣ እግሯ ሥር ደግሞ ግማሽ ሐብሐብ ይታያል። ሠዓሊው ዛሬ በሕይወት የለም። ስለ ሥዕሉ የተወልን ነገር ቢኖር ከጀርባው በእርሳስ የጻፈው "ሰዓዳ፣ ቀፊራ" የሚል ብቻ ነው፤ ቀፊራ የድሬ ዳዋ ገበያ ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስተምር፣ ባዶው ወንበር የሞተው ባሏ ነው፣ ኮፍያው መታሰቢያው ነው፣ ሐብሐቡ የቆሰለ ልቧ ነው፣ ዓይኗም መቃብሩን ያያል ስል ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ በሬዲዮ ቀርቤ ይህንኑ እያለቀስኩ ተናግሬያለሁ።

አሁን በመጽሐፍ ሊወጣ ነው። ምዕራፉም "የሐዘን ወንበር" ይባላል። መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ረቡዕ ዕለት አርታኢዬ ሶስና ደወለች።

"ባልየው መሞቱን ማን ነገረህ?"

"ወንበሩ" አልኳት።

"ወንበር ምስክር ሆኖ አያውቅም። ወይ ማስረጃ አምጣ፣ ወይ ምዕራፉን አወጣዋለሁ።"

ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ምዕራፍ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሎቹ የሱ አጃቢዎች ናቸው። ስለዚህ የሥዕሉን ትልቅ ቅጂ አሳትሜ፣ በካርቶን ቱቦ ጠቅልዬ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ።

ዓርብ፣ ንጋት ላይ

ከቤት ስወጣ ባለቤቴ አስቴር በሩ ላይ ቆማ "አንተ ሰውዬ፣ መነጽርህን!" አለች። ድምጿን ሰምቻለሁ፤ ታክሲው ግን ጥሩምባውን ያምባርቃል። ዞር ሳልል እጄን አውለብልቤ ገባሁ። ምን እንዳለችኝ የገባኝ ናዝሬት ደርሰን ጋዜጣ ስገልጥ ነው። ሥዕል ለመመርመር የሚጓዝ ሰው መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መጥቷል። ከዚህ በኋላ ቅርብ ያለውን ነገር ሁሉ ያየሁት ክንዴን ዘርግቼ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አዋሽ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ የካርቶን ቱቦዬን ነካ ነካ አደረገና "ይሄስ?" አለ።

"ሥዕል ነው።"

"ክፈተው።"

አውቶቡሱ ጎን ላይ ዘረጋነው። ተሳፋሪው በሙሉ ከበበን፤ እስከ ዛሬ ካዘጋጀኋቸው ኤግዚቢሽኖች አንዱም ያን ያህል ተመልካች አላገኘም። ፈታሹ አገጩን እያሻሸ ቆየ።

"ባልየውስ የት ሄደ?"

"ሞቷል" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ኮፍያውን ጥሎ?" አለና "ጠቅልል" ብሎኝ ወደ ሌላ ሻንጣ ሄደ። የሙያው ሰው ስላልሆነ ይቅር አልኩት።

ጭሮ ላይ ምሳ በላን። የምግቡ ዝርዝር ግድግዳ ላይ በትልልቁ ስለተጻፈ ያለማንም እርዳታ ጥብስ አዘዝኩ። ከዚያ መንገዱ የሐረርጌን ተራሮች እየታከከ፣ ማሽላና ጫት በደረቡ እርከኖች መሃል ይጠማዘዛል። ቁልቢ ላይ ጭጋግ ስለነበር ሹራብ ደረብኩ። ደንገጎን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ሹራቡን አወለቅኩ፤ ድሬ ዳዋ ስንገባ ቆዳዬንም ማውለቅ አማረኝ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ሆኗል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛፍ የከበበው ሆቴል አገኘሁ። እንግዳ ተቀባዩ "አንተ፣ ክፍልህ ፎቅ ላይ ነው፣ ማራገቢያው በጉልበት ነው የሚነሳው" አለኝ። ሃያ ዓመት በአንቱታ የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ከፋኝ። በኋላ ሳየው ከተማው ሁሉ ሽማግሌውንም ሹሙንም "አንተ" ነው የሚለው። ማራገቢያውን በቡጢ ስመታው ተነሳ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ፉል በትኩስ ዳቦ በልቼ ባጃጅ ያዝኩ። ባለባጃጁ ጎልማሳ ሰው ነው። ሥዕሉን በስልኬ አሳየሁትና "ይችን ሴትዮ ታውቃታለህ? ቀፊራ ናት ይባላል" አልኩት።

"ይችን ማን የማያውቅ አለ አቦ! የሟቹ ሚስት ናት። ቅመም ተራ ነው የምትሸጠው።"

ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ። "የማን ሚስት አልክ?"

"የሟቹ።"

ወዲያው ለሶስና ደወልኩ። "ሞቷል!" አልኳት፣ ሰው ሲሞት እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። "ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ሚስቲቱን የሟቹ ሚስት ነው የሚሏት!"

ባለባጃጁ ፍሬን ያዘ። "ማነው የሞተው?"

"ባሏ ነዋ።"

"ኧረ አቦ፣ ትናንት እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ጭኜው ነበር። ወላሂ! ሟቹ የምንለው ቅጽል ስሙ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ምሁር በሬዲዮ ሞቷል ብሎ አወራ አሉ። ከዛ ወዲህ ሰላምታችን ራሱ 'ሟቹ፣ እንዴት አደርክ' ነው።"

ስልኩ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር።

"ሰማሁት" አለች ሶስና፤ ዘጋችው።

ቀፊራ፣ ቅመም ተራ

ወይዘሮ ሰዓዳ ከእርድና ከቁንዶ በርበሬ ጆንያዎቿ ጀርባ ተቀምጣለች። ሃምሳ ሳይሞላት አይቀርም፤ ሻሿ ዛሬም ቢጫ ነው። ከአንዱ ደንበኛ ጋር በሶማሌኛ፣ ከሌላዋ ጋር በኦሮምኛ ተከራከረችና ለኔ በአማርኛ "ምን ልስጥህ?" አለችኝ። እዚያው ሆኜ ማንነቴን ተናዘዝኩ። እግሬን ለሩጫ አመቻችቼ ነበር፤ እሷ ግን ሚዛኑን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች።

"ና ቤት እንሂድ። ባሌ ጅብሪል አንተን ሲፈልግ ስንት ዘመኑ!"

ጆንያዎቿን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብላ ተነሳች። ወደ ሰፈራቸው መጋላ በእግር ስንሄድ አንዳንድ ነገር ለማትረፍ ሞከርኩ።

"ሐብሐቡስ? ሐብሐቡ መቼም ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።"

"ሙቀት ነበራ። ሠዓሊው እየሳለ ይበላው ነበር። ሲጀምር ሙሉ ነበር፤ እግሬ ጋ ሲደርስ የቀረው ግማሹ ነው።"

"ዓይንሽስ? ምን ነበር የምታዪው?"

"ዓይኔን እኔ የት አየዋለሁ? አንተ ነህ የሥዕል አዋቂ" አለችኝ።

ሰማያዊውን የቆርቆሮ በር የከፈተልን ጺሙን በሂና ያቀላ ረጅም ሰውዬ ነው። ሰዓዳ በሶማሌኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"አንተ ነህ እንዴ የገደልከኝ?"

እዚህ አገር ትልቅ ሰው በሶማሌኛ "አዴር"፣ አጎቴ እንደሚባል ሆቴል ሰምቼ ነበር። "ይቅርታ፣ አዴር" አልኩ።

ሻይ ቀረበና ክሴ ተሰማ። በሬዲዮ ከሞተ በኋላ ወንድሙ ከጅቡቲ ድረስ ለለቅሶ መጥቷል። ይሄ ይሁን፣ ናፍቆት ተወጥተውበታል። የማይረሳው ሌላው ነው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የጅጅጋ ነጋዴ ሰዓዳን ለማግባት ሽማግሌ ላከ።

"በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ" አለ ጅብሪል። "የመጡበትን እስኪነግሩኝ ድረስ ሻይ ቀዳሁላቸው። 'ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ናት ሲሉ ሰማን' አሉ። 'ማን ነኝ መሰላችሁ?' አልኳቸው። 'ወንድሟ' አሉኝ!"

ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ታዲያ ወንበሩ ለምን ባዶ ሆነ?" አልኩ።

ሠዓሊው ጎረቤታቸው ነበር። አዲስ ተጋቢዎች ስለነበሩ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልሳላችሁ አለ። ሰዓዳን ከዓይኗ በቀር ጨረሰ። ወደ ጅብሪል ሲዞር ስድስት ሰዓት ይሆናል። ድሬ ዳዋ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫቱ ከገበያ ይገባል፣ ወንዱም ጫት ወደሚቃምበት ወደ በርጫው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ወንድ ልጅ ቤቱ አይገኝም።

"በየቀኑ 'ነገ' እለዋለሁ" አለ ጅብሪል። "አንድ ቀን 'ነገ' ስለው፣ 'ነገማ ወደ አዲስ አበባ ልዛወር ነው' አለኝ።"

ከዚያ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "አሁን ስማ። በአፍህ እንደገደልከኝ በመጽሐፍህ አስነሳኝ። ከነፎቶዬ! እዛው ወንበር ላይ፣ ከሚስቴ ጎን። የጅጅጋው ሰውዬ ይየው።"

እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ለሶስና ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ? ሰዓቱም ገና አራት ነው።

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት

ወንበሮቹ ዛሬም አሉ። የሥዕሉን ቅጂ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤ ወንበሮቹን ሥሩ ደረደርን። ሰዓዳ እንደ ጥንቱ ተቀመጠች። ጅብሪል ሊቀመጥ ሲል ሸሚዙን ጠላው። ቀይሮ መጣና ሁለተኛውንም ጠላው። ከዚያ ጺሙን ለማስተካከል ጸጉር ቤት ሄደ። ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኛቸውን ሁለት ጎረቤቶች "ከሞት ስነሳ እዩ" ብሎ ይዞ መጣ። ጎረቤቶቹ ሻይ ጠጡ። የመጀመሪያው ሸሚዝ ይሻል እንደነበር መሰከሩ። የመጀመሪያው ሸሚዝ ተመልሶ ተለበሰ።

በመጨረሻ ተቀመጠ። ኮፍያው ፀጉሩን እንዳያበላሽበት አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ያለመነጽር ስልኬን በተዘረጋ ክንድ ይዤ ካሜራውን በጣቴ እየዳበስኩ እፈልጋለሁ።

"ቶሎ በላ አንተ!" አለ ጅብሪል።

"ደረስኩ፣ ደረስኩ።"

በዚህ መሃል ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማና አንድ ድምፅ ጮኸ፦ "ሟቹ! ጫቱ ገብቷል!"

ጅብሪል እንደ ወታደር ተነሳ። "አንድ ደቂቃ" አለ። ኮፍያው ከጉልበቱ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

ሰዓዳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አንገቷን ብቻ ወደ በሩ መለስ አድርጋ "ኮፍያህን!" አለች።

እሱ ዞር ሳይል እጁን አውለብልቦ ወጣ። ጣቴ ካሜራውን የተጫነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ስልኬን አርቄ አየሁ። ከዚያ ግድግዳውን አየሁ። ቢጫ ሻሽ፣ ባዶ ወንበር፣ ኮፍያ። እና ያ ዓይን፣ ያው ዓይን። ሃያ ዓመት ሐዘን ነው ያልኩት። ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረውም። ትዝብት አለበት፣ የታፈነ ሳቅ አለበት፣ ከሁለቱም በታች ደግሞ ፍቅር አለበት። አፈርኩ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልኳት።

"በየቀኑ። ያኔም ሠዓሊው 'እንዲሁ ሁኚ፣ አትንቀሳቀሺ' ያለኝ ጅብሪል ሲወጣ ነው።" ኮፍያውን አንስታ አቧራውን አራገፈች። "ዞር ብሎ አይቶኝ ግን አያውቅም። አንድ ቀን ዞር ይል ይሆናል ብዬ ነው የማየው።"

ጅብሪል የተመለሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በርጫው ላይ ለከተማው በወሬ ሦስት አዲስ የባቡር መስመር ዘርግቶ በታላቅ ደስታ መጣ። ብርሃን የለም፤ የኔም አውቶቡስ ንጋት ላይ ይነሳል።

"ችግር የለም" አለ፣ "ነገ እንነሳለን።"

ሰዓዳና እኔ ተያየንና በሳቅ ፈነዳን።

እሑድና ሰኞ

ምዕራፉን አውቶቡስ ውስጥ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ፊደሎቹ የዶሮ ጭረት ይመስሉ ነበር። ሰኞ ሶስና አነበበችና ፎቶውን ጠየቀች። አሳየኋት።

"ወንበሩ እኮ አሁንም ባዶ ነው" አለች።

"ከሥሩ ያለውን አንብቢው።"

ከፎቶው ሥር "ባልየው በሕይወት አለ፤ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነው" ይላል። ሶስና የሰዓዳን ፊት ትኩር ብላ አየች። ከዚያ "የሐዘን ወንበር" የሚለውን ሰርዛ "ኮፍያህን!" ብላ ጻፈችበት። ማታ ለጅብሪል ደወልኩ።

"አለሁበት?" አለኝ።

"ኮፍያህ አለበት፣ አዴር። በሕይወት እንዳለህም ተጽፏል።"

"ይበቃል። ኮፍያዬን ጅጅጋም ያውቀዋል።"

ይህ ጉዞ ስለ ሥዕል ብዙ አስተምሮኛል ብል ደስ ይለኝ ነበር። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም የሞከርኩት ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ነው። መነጽሬን ሆን ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩና ወጣሁ። የግቢው በር ጋ ስደርስ ከኋላዬ ድምጿ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ መነጽርህን!"

ዞር አልኩ።

አስቴር መነጽሬን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ያ ዓይን ነው። ሃያ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ሳስተምረው፣ እሱ በየጠዋቱ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር።

"ምን ይገትርሃል?" አለች እየሳቀች። "ታክሲው ሊያመልጥህ ነው።"

ያምልጠኝ አልኩና ወደሷ ተመለስኩ።