ከቶርንክሊፍ እስከ ሃሚልተን በእግር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከበቡኝ። ዘንድሮ ለፍልሰታ ከቶሮንቶ ሃሚልተን ድረስ በእግር ሊሄዱ አስበዋል። አንዷ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ፣ "አንቺ ድሮ በእግርሽ ሄደሽ ነበር አሉ፤ እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ሩቅ ነው፤ ጥሩ ጫማ አድርጉ" ብያት ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ሰው ፊት ማውራት ድሮም አይሆንልኝም። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ነበር። እኔና እናቴ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ሊፍቱ ግማሹን ጊዜ በማይሠራ ሕንጻ ውስጥ እንኖር ነበር። ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፉ የሚኖሩ፣ የእናቴ የቅርብ ሰው። አንድ ልጃቸው ያሬድ ከሱዳን ወደ ሊቢያ ሊሻገር ከተነሣ ሦስት ወር አልፎታል፤ ድምፁ ጠፍቷል። ፍልሰታ ሲገባ እትዬ ዘነበች ሱባኤያቸውን በእግር ሄደው፣ ሃሚልተን ባለች ትንሽ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሱ ቆረጡ።

"አገሬ ብሆን ግሸን እወጣ ነበር" አሉ። "እሷ እንደሆነች እዚህም ያው እሷው ናት።"

እናቴ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች እኔን አስከተለቻቸው። እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ስልክም አለኝ። እሳቸው፣ ከያሬድ በኩል ቢደወል እንድታነሣ፣ የራሳቸውን ስልክ ለእናቴ ትተው ነው የወጡት።

የያዙት አንድ ነጠላ፣ ዳዊት፣ በላስቲክ የታሰረ በሶና ቅያሪ ካልሲ ብቻ ነበር። የእኔን ቦርሳ ሲያነሡት ከበዳቸውና ከፍተው አዩት። "ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? ልትዳሪ ነው የምትሄጂው?" ትርፍ ጫማዬንና መጽሐፎቼን አውጥተው በሩ ሥር ደረደሯቸው።

የሐይቁን ዳር መንገድ ይዘን ወደ ምዕራብ ሄድን። የነሐሴ ሙቀት ከአስፋልቱ እየተነሣ ፊት ይለበልባል። ሰዎች በየግቢያቸው ሥጋ ይጠብሳሉ፤ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስም። በዘጠኝ ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጠን በሶውን በውኃ ጠርሙስ በጥብጠን እንጠጣለን። ማታ ማታ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤት እናድር ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ እግሬ ውኃ ከቋጠረ በኋላ፣ አጠገባችን ባቡር ሲያልፍ አይቼ በፍርሃት አንድ ሐሳብ አቀረብኩ።

"እትዬ፣ ማታ በባቡር ቤታችን ገብተን፣ ጠዋት ካቆምንበት ብንቀጥልስ?"

"እመቤቴ ግብፅ የወረደችው በባቡር ነው?" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን መሳቃችንን አላስታውስም።

በሁለተኛው ቀን ኦክቪል ልንደርስ ስንል እትዬ ዘነበች አንድ ነዳጅ ማደያ ፊታቸውን ሊታጠቡ ገቡ። እኔ ውጭ ቆሜ ሳለ እናቴ ደወለች።

"ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ።"

"ያሬድ ሞቷል" አለች። የጫናቸው መኪና በረሃ ላይ ተበላሽቶ ውኃ አልቆባቸው ነው። አብሮት የነበረና የተረፈ ልጅ ሊቢያ ሲገባ ደውሎ ተናገረ። "አደራሽን እንዳትነግሪያቸው። ቤታቸው ሲገቡ አባቶች ሄደው ያረዷቸዋል።"

"እንመለስ?"

"ምን ብለሽ? ወዲያው ይጠረጥራሉ። ያሰቡትን ያድርሱ።"

የእናቴን አደራ አልናቅኩትም። አያቴ ሲሞቱ እሷን ሊያረዷት ሲመጡ አይቻለሁ፤ ገና ሳይነጋ ስምንት ሰው ሆነው ገቡ፤ አንዷ ሴት፣ እናቴ ስትወድቅ ልትይዛት ከኋላዋ ቆማ ነበር። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ በቤት፣ በብዙ እጅ መካከል። የመኪና መንገድ ዳር አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ የምትናገረው ነገር አይደለም።

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ።

"ማን ነው?"

"እማዬ ናት።"

"ሰላም ናት?"

"ሰላም ናት።"

በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ባሰ። እትዬ ዘነበች ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ "ልጄም ይኼኔ እንዲህ ይጠማው ይሆናል። ይኼ ጥሜ ለእሱ እርካታ ይሁነው" አሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ውኃ ሲሰጡኝ ጠርሙሱን ሳልጠጣ መለስኩላቸው። ድካም መሰላቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ለሰው የማይነገረውን የክርስትና ስሙን ነገሩኝ፤ ወልደ ገብርኤል። "አንቺ ንጹሕ ነሽ፤ ያንቺ ይሰማል። በስሙ ጠርተሽ ለምኝልኝ።"

ለመንኩ። እስከ በርሊንግተን ድረስ፣ ሞቶ የተቀበረበት እንኳ ለማይታወቅ ልጅ ጤና እንዲሰጠው፣ ድምፄን እንዲሰሙ አድርጌ ለመንኩ።

በአራተኛው ቀን ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸው ከተረከዛቸው ጋር በደም ተጣብቆ ነበር። መጋረጃው ፊት ተንበርክከው፣ "ከበረሃ አውጪልኝ" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "አሜን በይ እንጂ።"

"አሜን" አልኩ።

አንድ የሃሚልተን ሰው በመኪናው ቶሮንቶ መለሰን። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሰዎቹ በደረጃው ላይ ጫማቸው እንዳይሰማ ቀስ እያሉ ወጡ፤ ቄሱ፣ ሽማግሌዎች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ እናቴ። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። እትዬ ዘነበች በሩን ሲከፍቱ የታሰረው እግራቸው አላስቆም ብሏቸው ግድግዳውን ይዘው ነበር። ሰዎቹን አዩ፤ ገባቸው። ግን ወዲያው አልጮኹም። በዓይናቸው እኔን ፈልገው አገኙኝ።

"መቼ ነው የሰማሽው?"

መዋሸት አቃተኝ። "ነዳጅ ማደያው ጋ።"

"ነፍሱን ማሪልኝ ልል ስችል፣ ለሞተ ልጄ ጤና አስለመንሽኝ? አሜንም አልሽ?"

ከዚያ ጮኹ፤ ሊይዟቸው የመጡት ሴቶች ያዟቸው።

እናቴ ዛሬም ትክክል ነበርን ትላለች፤ መንገድ ላይ ቢሰሙ ማን ይይዛቸው ነበር ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ አፌን የያዘኝ ወጉ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ፈርቼ ነበር። ለቅሷቸውን ብቻዬን መሸከም ፈርቼ፣ ወጉ ዝም በይ ሲለኝ እፎይ አልኩ። ዝምታው አደራ ስለሆነ ፍርሃቴን ማንም አላየውም፤ ከእሳቸው በቀር።

እትዬ ዘነበች አርጅተዋል፤ አሁን የሚኖሩት ዌስተን ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እጠይቃቸዋለሁ። ያን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ስመው ያስገቡኛል፣ ያለ ምሳ አይሰዱኝም። ብቻ ገና ሳልቀመጥ ሁለት እጄን ይዘው ፊቴን ትክ ብለው ያዩታል።

"ሁሉ ሰላም ነው? የምትነግሪኝ ነገር የለም?"

"የለም፣ እትዬ" እላለሁ። እውነቴን ነው። እጄን ግን ቶሎ አይለቁትም።