የማይሸተው መድኃኒት

አጎቴ እንኳን ሰውን፣ የገዛ ጥላውንም አያምንም። ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ገበያተኛው «አፍንጫው» ይለዋል። ዓሣ ሲረከብ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገልጦ ያሸታል፣ ዓይኑን ያያል፣ መልሶ ያሸታል። አቅራቢው ቢምል ቢገዘትም መልሱ አንድ ነው፤ ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።

ሚስቱን የጡት ካንሰር ሲይዛትም ይኸው አፍንጫ ሆስፒታል ድረስ ተከተላት። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች አልበጅ ስላሏት ዶክተሯ ሌላ መርፌ አዘዘች። መነሻው ስፖንጅ የሚባል፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ እንደሆነ፣ ፈጽሞ ባያድናትም ዕድሜ ሊጨምርላት እንደሚችል አስረዳችን። አጎቴ ባሕር ሲባል ጆሮው ቆመ። መድኃኒቱ የታሸገበትን ብልቃጥ ተቀብሎ እንደ ዓሣ አገላብጦ አሸተተው። ምንም አይሸትም። ዶክተሯ ፈገግ ብላ፣ አሁን ከእንስሳው እንደማይጨመቅ፣ አሠራሩን ከእሱ ተምረው ፋብሪካ ውስጥ እንደሚያዘጋጁት ነገረችው። ይሄኔ ጭራሽ ባሰበት።

«ቅድም ከባሕር ነው አሉኝ፣ አሁን ከፋብሪካ። አንዱ ውሸት ነው» አለና ሚስቱን ይዞ ወጣ።

በሳምንቱ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ካንሰር ያድናል ተብሎ ከአንድ አዟሪ የገዛውን፣ ሻርክ ከሚባል የባሕር ዓሣ ለስላሳ አጥንት የተፈጨ ዱቄት። ሽታው ከበር ይመልሳል። ጥላውን የማያምን ሰው ይህን አመነ! «ይሄ ባሕሩን አይቷል» እያለ ጠዋት ማታ በጥብጦ ይሰጣታል። እሷ ግን እየከሳች ሄደች። ብናገረው ሆስፒታሉ የላከኝ ሰላይ አደረገኝ።

አንድ ጠዋት ቤታቸው ስገባ ሚስቱን ዱቄቱ የተበጠበጠበትን ብርጭቆ የድመቷ ሳህን ላይ ስትገለብጥ አገኘኋት። ድመቷ ጠጋ ብላ አሸተተችና ወደ ኋላዋ ሸሸች። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

ሚስቱ አልደነገጠችም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ዓሣ ዓሣ ከሚሸት ሰው ጎን ስተኛ አንድ ቀን አልጠረጠርኩህም» አለችው። «እስቲ አሁን ደግሞ የማይሸተውን ልመን። መኖር እፈልጋለሁ።»

አጎቴ ጫማዋን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ብልቃጡን ይዛ ስትመጣ የአጎቴ እጅ በልማዱ ተዘረጋ፤ ከዚያ ተመልሶ የሚስቱን እጅ ያዘ። መርፌው ሲገባ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «በጣም እሸታለሁ እንዴ?» አላት።

«በጣም» አለችው። እጁን ግን አልለቀቀችም።