የህንዱ ፊልም መጨረሻ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ወደ ሰበታ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ፣ «ለፋሲካ ልጆቼን ሲኒማ ላስገባ ነው፤ የትኛው ፊልም ይሻላል?» አሉኝ። እኔም ባለፈው እሑድ ያየሁትን የህንድ ፊልም እያሞገስኩ መተረክ ጀመርኩ። ወታደሮቹ አምፀው የንጉሡን ቤት የከበቡበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ከኋላችን ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው አንገቱን አስግጎ ሲያዳምጠኝ አየሁ።

ያን ጊዜ ጆሮ ጠቢ ፊት፣ የፊልምም ቢሆን፣ ስለ ንጉሥ መከበብ አይወራም። «ብቻ ዘፈኑ ግሩም ነው» ብዬ ወሬውን ቆረጥኩት።

ኦቦ ቶሎሳ ለጉዳያቸው መንገድ ላይ ወረዱ። እኔ ሰበታ ስወርድ ሰውየውም ወረደ። መንገድ ስቀይር እሱም ቀየረ። አጥሬ ጋ ስደርስ ትከሻዬን ያዘኝ። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ ዞርኩ።

«ወንድሜ፣ ንጉሡን ገደሏቸው ወይስ አመለጡ?» አለኝ እያለከለከ።

በፊልሙ ተገድለዋል። እኔ ግን፣ «ኧረ ምን ሆነው! ወታደሮቹ እግራቸው ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ፤ እሳቸው ዙፋናቸው ላይ ናቸው!» ብዬ ዋሸሁ።

ሰውየው ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና በሹክሹክታ፣ «ታዲያ እርስዎ የፊልሙን ምኑን ነው እንደዚያ ያሞገሱት?» አለኝ።